ሬዲዮዋን ያጠፋሁበት ጠዋት

የትምህርት ቤታችን ሬዲዮ የራሷ ቁም ሳጥን ነበራት፤ እኔ አልነበረኝም። የእኔ ልብስ አልጋዬ ሥር በተሸጎጠች ሻንጣ ውስጥ ሲጨማደድ፣ እሷ ዳይሬክተሩ ቢሮ ተቆልፎባት፣ ዳንቴል ለብሳ ትቀመጣለች። የትምህርት ሰዓት ሲደርስ ሁለት ተማሪዎች እንደ ሙሽራ አጅበው ያመጧታል፤ ሲያልቅም አጅበው ይመልሷታል። የባትሪ ድንጋዮቿን ደግሞ ዳይሬክተራችን ጋሽ ይልማ «የመንግሥት ንብረት ነው» እያሉ በየማታው አውጥተው ቤታቸው ይወስዷቸዋል። ጋሽ ይልማ ቤት የእጅ ባትሪ እንዳለ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የሚናገር ግን አልነበረም።

ዘመኑ ደርግ ነው። ቦታው ከናዝሬት (አዳማን ያኔ እንዲያ ነበር የምንላት) ወረድ ብሎ፣ አዋሽ ዳር ያለ የመንግሥት እርሻ ካምፕ ነው። ብርቱካን ይለማበታል፤ ሠራተኛው ከወሎም፣ ከአርሲም፣ ከሸዋም የመጣ ነው፤ ከአካባቢው ኦሮሞ ቤተሰቦችም ብዙ ልጆች ይማሩ ነበር። እኔ ከደብረ ብርሃን ወጥቼ እዚያ የአራተኛ ክፍል መምህር ሆኜ ተመድቤያለሁ። ሙቀቱንም ትንኙንም ለመድኩት። ያልለመድኩት አንድ ነገር ነበር፤ ባለቤቴ አስካለ ናዝሬት ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ሠራተኛ ናት፣ እኔ ካምፕ ነኝ። ተጋብተን ሳለ እንደ እጮኛ በሳምንት አንዴ እንገናኛለን። ቅዳሜ ከሰዓት ብርቱካን በጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥዬ እሄዳለሁ፣ እሑድ ማታ ባዶ በሚመለሰው መኪና እመለሳለሁ። አስካለ ቤት ስገባ መጀመሪያ የምትለኝ ነገር «ብርቱካን ብርቱካን ትሸታለህ» ነበር፤ ቀጥላ የምትጠይቀኝ ደግሞ ዝውውሬ ምን ደረሰ የሚለውን ነው።

በዚያ ዓመት ዝውውሩ ሊደርስ መስሎ ነበር። ናዝሬት ውስጥ ለአንድ መምህር ክፍት ቦታ ተገኘና በሬዲዮ ትምህርት አሰጣጥ የተመሰገነ ሰው ይሰጠው ተባለ። ምስጋናውን የሚሰጠው ደግሞ ክፍል ገብቶ የሚያየን ሱፐርቫይዘር ነው። ጋሽ ይልማ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ ስርጭቱ የሚቆይበትን ሰላሳ ደቂቃ ብቻ ዝም ብዬ ብቆም ሚስቴ ዘንድ እንደምገባ ነገሩኝ። ዝም ብሎ በመቆም ደግሞ የሚያህለኝ አልነበረም።

ለማያውቀው ላስረዳ። የሬዲዮ ትምህርት የሚዘጋጀው አዲስ አበባ ነው። አንዲት ድምፀ መልካም ሴት «እንደምን አደራችሁ ልጆች» ትላለች፤ ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ ይመልሳሉ። ትጠይቃለች፣ መልስ የሚሰጥበትን ያህል ፋታ ትሰጣለች፣ ከዚያ «ጎበዞች፣ ትክክል ነው» ትላለች። ልጆቹ «እትዬ ሬዲዮ» ነበር የሚሏት፤ ይወዷት ነበር። መምህሩ በስርጭት ጊዜ እንዳይናገርና እንዳያቋርጥ ከስርጭቱ ጋር የሚላክልን የመምህር መምሪያ በግልጽ ያዛል። ሥዕል ማሳየት፣ ጸጥታ ማስከበር፣ በቃ። እኔም እንደ ትራፊክ ፖሊስ በእጄ ብቻ እየሠራሁ ደመወዜን እበላለሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። እሷ ከእኔ ይልቅ አጥርታ ትናገራለች፤ ጉሮሮዋም አይደርቅም።

ሱፐርቫይዘሩ ጓድ በዳሳ ይባላሉ። ረጅም፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ጥቅጥቅ ያለ ሪዝ ያላቸው ሰው ናቸው። ሲናገሩ ከንፈራቸው እምብዛም አይከፈትም፤ መሐረባቸው ደግሞ ከአፋቸው አይርቅም። ሻይ ሲጠጡ እንኳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። እኛ መምህራን እንደ ኩራት ቆጥረነው፣ ሰውየው ከተወለዱ ጀምሮ አልሳቁም እያልን እናማቸው ነበር።

እሳቸው ክፍሌን ሊያዩ የመጡ ዕለት ጠዋት ሰልፍ ላይ እንደ ወጉ መፋቂያ ተፈተሸ። በትምህርት ቤታችን ተማሪ ሁሉ መፋቂያውን ይዞ ይመጣል፤ ወደ ላይ ያነሳና ያሳያል፤ ያልያዘ ከሰልፍ ይወጣል። ዘይነባ የምትባል ተማሪ ነበረችኝ፤ አባቷ ከወሎ የመጡ የካምፑ ሾፌር ናቸው። የክፍሉ አንደኛ ናት። መፋቂያዋ አንድም ቀን ቀርቶባት አያውቅም። መልስ ስትመልስ ግን የሻሿን ጫፍ ሳብ አድርጋ አፏን ትሸፍናለች። ዓይን አፋርነት ይመስለኝ ነበር።

ሬዲዮዋ መጣች፣ ጠረጴዛ ላይ ተሰየመች። ጓድ በዳሳ መጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀመጡ። የዕለቱ ትምህርት በመምሪያው ላይ «የጥርስ ንጽሕና» ከመባሉ በቀር ምን እንደምትል አልተጻፈም። ሥዕሌን ሰቀልኩ፣ ቁልፉን አዞርኩ፣ እጄን አጣምሬ ቆምኩ።

አጀማመሯ መልካም ነበር። ስለ ምግብ ፍርፋሪ፣ ስለ ውኃና ስለ መፋቂያ ተናገረች። ልጆቹ እየጮኹ ይመልሳሉ፤ እኔ በሐሳቤ ናዝሬት ደርሼ የአስካለን በር እያንኳኳሁ ነው። ከዚያ እንዲህ ስትል ሰማኋት።

«ልጆች፣ ጥርሱ የሚበልዝ ምን ዓይነት ልጅ ነው? አዎ፣ ጥርሱን የማያጸዳ ሰነፍ ልጅ ነው። እስቲ አብራችሁኝ በሉ፤ ጥርሱ የሚበልዝ ማን ነው?»

ፋታውን ሰጠች። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ በፊት ልጆቹ ለእትዬ ሬዲዮ ዝም ብለዋት አያውቁም። እሷም ያንን ጸጥታ ተቀብላ «ጎበዞች፣ ትክክል ነው» አለች።

«አይደለም» አለች ዘይነባ። ለእኔ ሳይሆን ለሬዲዮዋ ነበር የተናገረችው።

ልጆቼን ቀና ብዬ አየኋቸው። ዓመቱን ሙሉ ሳያቸው ኖሬ ያን ዕለት ገና አየኋቸው ማለት ይሻላል። ከጥቂቶቹ በቀር የሁሉም ጥርስ ቡናማ ነው፤ የአንዳንዱ እንደ ዛገ ቆርቆሮ ነው። ሬዲዮዋ ግን ቀጥላለች። «አሁን ደግሞ ወደ ጓደኛችሁ ዞር በሉና ጥርሱን ተመልከቱ። ነጭ ነው ወይስ የበለዘ?» አለች። እጅ ሁሉ ወደ አፍ ሄደ። ዘይነባ በሻሿ እስከ ዓይኗ ድረስ ተሸፈነች። ፊት ወንበር ላይ ያለችው ልጅ መፋቂያዋን ከኪሷ አውጥታ፣ ያታለላት ነገር ይመስል፣ አገላብጣ ታየዋለች።

እጄ ሄዶ ቁልፉን አዞረው። ቀጭ የምትለዋን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማታለሁ።

ሬዲዮዋ ስትጠፋ መጀመሪያ የመጣልኝ ዝውውሬ ነው። ሁለተኛው፣ ከዚህ በኋላ ምን እንደማደርግ አለማወቄ ነው። መምሪያው ውስጥ ይህ የለም። ጓድ በዳሳን ለማየት ድፍረት አጣሁና ዘይነባን አየሁ።

«ለምን አይደለም አልሽ?» አልኳት።

«እኔ በየቀኑ እፍቃለሁ» አለች ከሻሿ ውስጥ። «ታላቅ ወንድሜ ሰይድ በራሱ ፍቆ አያውቅም፤ እናቴ በዱላ ነው የምታስፍቀው። ጥርሱ ግን ነጭ ነው።»

ክፍሉ ሳቀ። የሳቁት አፋቸውን ይዘው ነው። ያኔ በመምህርነት ዘመኔ ብዬው የማላውቀውን ነገር አልኩ፤ ጥርስ ለምን እንደሚበልዝ እኔም እንደማላውቅና አብረን እንድንፈልገው ነገርኳቸው። መምህር አላውቅም ሲል ሰምተው አያውቁም። እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ አንዱ ከሌላው ቀድሞ ለመናገር ጣታቸውን እያወዛወዙ ተነሡ።

የበለዘ ጥርስ ያለው በቀኝ ግድግዳ፣ ነጭ ያለው በግራ ግድግዳ ይቁም ተባባልን። ሰነፍ የሚባል እንደሌለ፣ ሁሉም ምስክር እንደሆነ ነገርኳቸው። ቀኙ ሞላ፤ በግራ በኩል ጥቂቶች ቀሩ። ከዚያ ግምት እንደ ጉድ ወረደ። አንዱ ትኩስ ሽሮ ነው አለ፤ በሁለቱም በኩል ትኩስ ሽሮ የማይበላ አልተገኘም። አንዷ ከእርሻው የሚሰረቀው ብርቱካን ነው አለች፤ ብርቱካን ሰርቆ የበላ እጁን ያውጣ ስል መጀመሪያ ማንም አላወጣም፣ ቀስ በቀስ ግን ከግራም ከቀኝም ሁሉም አወጣ። ፀሐይ ነው የሚልም ነበር። የጣልነውን ግምት ሁሉ ጥቁር ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ እሰርዛለሁ። እንዲያ ደስ ብሎኝ ጠመኔ ይዤ አላውቅም፤ ከኋላዬ የተቀመጠውን ሰው ረስቼው ነበር።

ገመቹ በግራ ግድግዳ ከቆሙት አንዱ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ካለው መንደር ነው የሚመጣው። አጠገቡ የቆመችውን የአጎቱን ልጅ አየ፣ ማዶ የቆሙትን የካምፕ ልጆች አየ፣ ድንገት ኦሮምኛ እየቀላቀለ ጮኸ።

«ቢሻን ነው፣ ባርሲሳ! ውኃው ነው፣ መምህር! እኛ ከአዋሽ ነው የምንጠጣው። እነሱ ከቦኖ ነው።»

የካምፑ ቦኖ ውኃ የሚመጣው ከጥልቅ ጉድጓድ ነው። እውነትም ቀኝ የቆሙት ሁሉ ከቦኖ የሚጠጡ ሆኑ። ማጨብጨብ ሲጀምሩ ማርታ ከግራ ግድግዳ እጇን አወጣች። ማርታ የሒሳብ ሹሙ ልጅ ናት፤ ከአገሬ ከደብረ ብርሃን በኩል ነው የመጡት። እሷም ከቦኖ እንደምትጠጣ ተናገረች። ገመቹ ፊቱ ጠቆረ። ይባስ ብሎ አንዱ «መምህርም ከቦኖ ነው የሚጠጡት፤ ጥርስዎ ግን ነጭ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው። ተረታን ብዬ ጠመኔዬን ላስቀምጥ ስል ዘይነባ ከቀኙ ግድግዳ ተነጥላ ወደ መሐል ወጣች። ሻሿን ለቃዋለች፤ የለቀቀችው ሳይታወቃት ነው።

«ማርታ ጥርሷን አብቅላ ነው የመጣችው፤ መምህርም እንደዚያው» አለች። «ሰይድ ሕፃን ሆኖ ጉድጓዱ አልተቆፈረም ነበር፤ እናቴ ከወንዝ እየቀዳች ነው ያሳደገችው። እኔ ቦኖው ከመጣ በኋላ ነው የተወለድኩት። ጥርሳችን ሲበቅል የጠጣነው ውኃ ነው።»

ማርታ በጣቷ ጥርሷን ነካች። እኔ በመጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ቀጥሎ ፈራሁ። ያንን ጉድጓድ ከላይ የመጡ ጓዶች ቀይ ሪባን ቆርጠው መርቀውታል፤ አጠገቡ «የአብዮታችን ፍሬ» የሚል ሰሌዳ ተተክሏል። የአብዮቱ ፍሬ ጥርስ ያበልዛል ብሎ ተማሪ ያስተማረ ሰው ምን ስም እንደሚወጣለት ማንም አይጠፋውም። ያኔ ነው ጓድ በዳሳ ትዝ ያሉኝ። ቀስ ብዬ ዞርኩ። ከወንበራቸው ተነሥተው ቆመዋል፤ መሐረባቸው አፋቸው ላይ ነው።

ዘይነባም አየቻቸው። ሥራው ተጀምሮ ሰው ሳይቆጠር መቅረቱ ከነከናት መሰለኝ፣ በትሕትና ጎንበስ ብላ ጠየቀቻቸው።

«እርስዎስ በየት በኩል ነው የሚቆሙት?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰውየው ረጅም ጊዜ ልጅቷን አዩአት። ከዚያ መሐረባቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፣ በዴስኮቹ መሐል አልፈው ሄዱና በቀኙ ግድግዳ፣ በልጆቹ መካከል ቆሙ። ሁላችንም የምናየው ጥርሳቸውን ነው። ከክፍሉ ሁሉ የበለዘው የእሳቸው ነበር።

«እኔ አዳሚ ቱሉ ነው ያደግሁት» አሉ። «ከጉድጓድ ነበር የምንጠጣው። እናቴ በከሰል ትፈትገኝ ነበር። አስተማሪዬ ደግሞ ሰነፍ እያለ ከክፍል ያስወጣኝ ነበር።» እስክሪብቶ ከሚሰካበት የኮታቸው ኪስ ውስጥ መፋቂያ አወጡ። ለልጆቹ ከፍ አድርገው፣ ልክ ሰልፍ ላይ እንደሚደረገው፣ አሳዩ። «አንድም ቀን ቀርቶብኝ አያውቅም።»

አጠገባቸው የቆመ አንድ ልጅ የራሱን መፋቂያ አወጣና ከፍ አደረገ። ከዚያ ሌላው። ግድግዳው በሙሉ መፋቂያ ሆነ። ዓይኔ እንባ ሞላው፤ ሰሌዳ የማጠፋ መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

ከክፍል ስንወጣ ጓድ በዳሳ ወደ ዳይሬክተሩ ቢሮ ብቻዬን አስገቡኝና በሩን ዘጉ።

«ሬዲዮውን ማጥፋትህን እጽፋለሁ» አሉኝ። «አለመጻፍ አልችልም፤ ድምፁ መቋረጡን ትምህርት ቤቱ ሁሉ ሰምቷል። ስርጭት ያቋረጠ መምህር ደግሞ ናዝሬት አይገባም።»

አንገቴን ደፋሁ። አስካለ ፊቴ ላይ መጣችብኝ።

«ካጠፋህ በኋላ ስላስተማርከው ግን አንድ ቃል አልጽፍም። እሱ ከተጻፈ የምትሄድበት ቦታ ሌላ ነው። ገብቶሃል?»

ገብቶኛል አልኳቸው። በር ላይ ደርሰው ተመለሱና ከልጅነታቸው ጀምሮ አፋቸው ውስጥ ስለነበረ ነገር በዚህ ዕድሜያቸው ከሕፃን መማራቸው እንደገረማቸው ነገሩኝ። ሲሉም ሳቁ። ሳቃቸው ገደብ አልነበረውም፤ ጋሽ ይልማ ምን ተፈጠረ ብለው እየሮጡ መጡ።

ቅዳሜ ናዝሬት እስክገባ ወሬውን እንዴት እንደምጀምር መንገዱን ሁሉ ስለማመድ ነበር። ዝውውሩ መቅረቱን፣ ለምን እንደቀረ፣ አንድ በአንድ ነገርኳት። አስካለ ፊቷን አዞረች። ትንሽ ቆይታ ግን ፊቷን ወደ እኔ መለሰችና ያቺ ማርታ ከቦኖ እየጠጣች ለምን እንዳልበለዘች ጠየቀችኝ። የዘይነባን መልስ ስነግራት ጭንቅላቷን ይዛ «ወይ ጉድ» አለች። ሲነጋ ደግሞ አንድ ነገር ቆርጣ ተነሣች። «አንተ ካልመጣህ እኔ እመጣለሁ። የእርሻው ቢሮ ጸሐፊ አይፈልግም?» ይፈልግ ነበር። ለካ ሁለታችንም በአንድ በር ስናንኳኳ ነው የኖርነው፤ ሌላው በር ሳይቆለፍ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን የማወጋችሁ ሬዲዮን ለማማት አይደለም። በማግስቱ መልሼ ከፍቻታለሁ፤ ከዚያም በኋላ ብዙ ነገር አስተምራኛለች። እትዬ ሬዲዮ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ በምትኖርበት አገር ልጅ ሲሰንፍ ጥርሱ ይቆሽሽ ይሆናል። የእኛን ልጆች አፍ ማየት ግን አትችልም ነበር፤ ማየት የምችለው እኔ ነበርኩ፣ እኔ ደግሞ እጄን አጣምሬ ቆሜያለሁ። ከዚያ ዕለት ወዲህ እሷ ከመጀመሯ በፊት «እናንተስ ምን ታውቃላችሁ?» ብዬ መጠየቅ ለመድኩ። ስትጨርስም «የተናገረችው እኛ ዘንድ እውነት ነው ወይ?» እላለሁ። በዕድሜዬ ብዙ ሥልጠና ወስጃለሁ፤ ከሬዲዮ በኋላ ፕላዝማው መጣ፣ ዛሬ ደግሞ የጎረቤቴ ልጅ፣ እሱም መምህር ነው፣ በስልክ ስለሚያስተምርበት ነገር ይነግረኛል። ሁሉንም በጉጉት ነው የማየው። አዲስ ዕቃ ባየሁ ቁጥር ግን መጀመሪያ የምፈልገው ማጥፊያው የት እንደሆነ ነው፤ ልጁ ይስቅብኛል። እናንተም አስተማሪዎች ከሆናችሁ መሣሪያው «ጎበዞች» ሲል ልጆቻችሁ ምን ብለው እንደነበር ስሙ።

በውኃው ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ነገር እንዳለ ከብዙ ጊዜ በኋላ ባለሙያዎች ነገሩን። እኛ ካምፕ ውስጥ ስሙን አናውቅም፤ ሥራውን ግን እናውቅ ነበር። ስለዚህ አስካለ እዚያው ካምፕ ሴት ልጃችንን ስትወልድ፣ ቦኖው በራችን ላይ እያለ፣ እኔ በአህያ ከአዋሽ ውኃ ማመላለስ ጀመርኩ። እናፈላዋለን፣ እናጠልለዋለን፣ ለልጅቷ እንሰጣታለን። ከቦኖ እሸሻለሁ እንዳልል ለጠየቀኝ ሁሉ የአዋሽ ውኃ ለሆዷ ይስማማታል እላለሁ። ጓድ በዳሳ ለሥራ በመጡ ቁጥር ያቅፏትና አፏን ከፈት አድርገው ያያሉ። የቀድሞ ተማሪዎቼም ሰበብ እየፈለጉ እየመጡ ድዷን ያያሉ። የወተት ጥርሷ ነጭ ሆኖ በቀለ፤ ዘይነባ ግን አላመነችም፤ ዋናው ጥርስ እስኪበቅል እንጠብቅ አለች።

ልጄ የወተት ጥርሷ ሲነቃነቅ ካምፑ በሙሉ ሰማ። ወደ ጣራ ወርውራው አዲሱ ብቅ ሲል ዘይነባ ናዝሬት ሁለተኛ ደረጃ ትማር ነበር፤ በዚያው በብርቱካኑ መኪና ተንጠልጥላ መጣች። ልጄን በር ላይ በፀሐይ አቁማ ከንፈሯን በአውራ ጣቷ ገለጥ አደረገች። ረጅም ጊዜ አየች። እኔና አስካለ ከኋላዋ ቆመናል።

«ነጭ ነው፣ መምህር» አለችኝ ዞር ብላ።

ከዚያ ራሷ ሳቀች፤ የበለዘ ጥርሷ እስከ መንጋጋው ድረስ እየታየ፣ ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወድቆ፣ እጇ ወደ አፏ ሳይሄድ።